የ7ኛ ክፍሉ ልጅ የወደቀው የት ላይ ነው?

ባለፈው ወር የእህቴ ልጅ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ ቤቴ መጣ። የሚኖሩት ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። 7ኛ ክፍል ነው። በሒሳብ ፈተና ከ20 ያመጣው 4 ብቻ ነው። እናቱ ቀድማ ደውላ "ሰንፎብኛል፤ እስቲ አንተ ቆጣ በለው" ብላኛለች።

መቆጣቱን ትቼ አንድ ጥያቄ ጻፍኩለት። 3/4 ሲደመር 1/8። እርሳሱን አነሳ። የላዩን ከላዩ ጋር ደመረ፤ የታቹን ከታቹ ጋር ደመረ። 4/12 ብሎ ጽፎ ቀና አለ። ቅንጣት አላመነታም።

"እሺ፤ አሁን ድፎ ዳቦ አስብ" አልኩት። "ሦስት ሩቡ ሰፌድ ላይ አለ። እኔ ደግሞ ቁራሽ ጨመርኩበት። በዛ ወይስ አነሰ?"

"በዛ ነዋ ጋሼ!"

"አንተ የጻፍከው ግን ከአሥራ ሁለት ቁራሽ አራቱን ነው። ይህ ማለት ሲሶ ነው። ሲሶ ከሦስት ሩብ ይበልጣል?"

ዝም አለ። ደብተሩን አየ፤ እኔን አየ። ሲሶን ያውቃታል እኮ። አያቶቹ ኩታበር ገበሬዎች ናቸው። መሬት በእኩል ታረሰ፣ በሲሶ ታረሰ ሲባል እየሰማ ነው ያደገው። ያቺ የአያቱ ሲሶና ደብተሩ ላይ ያለችው 1/3 አንድ መሆናቸውን ግን ያሳየው ሰው የለም።

ክፍልፋይ መደመር የ7ኛ ክፍል ትምህርት አይደለም። ከታች ክፍል የመጣ ነው። ልጁ የወደቀው ዘንድሮ መሰለን እንጂ የወደቀው ከዓመታት በፊት ነው፤ ድምፁ የተሰማው አሁን ነው። የመንፈቅ ዓመት ካርድ በተሰጠ ቁጥር ብዙ ወላጅ የሚጠይቀኝ ጥያቄ እዚሁ ላይ ስለሚያርፍ፣ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ።

መካከለኛ ደረጃ የሚባለው የቱ ነው?

7ኛ እና 8ኛ ክፍል ነው። በጃንሆይና በደርግ ጊዜ የተማረ ሰው "ጁኒየር" ይለዋል። በ1986 የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ያለውን ሁሉ አንደኛ ደረጃ ስላደረገው፣ ጁኒየር የሚባለው ነገር ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ ቆየ። ከ2015 ጀምሮ የተተገበረው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መለሰው። አሁን 6 ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ 2 ዓመት መካከለኛ፣ 4 ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ነው። 8ኛ ክፍል ሲያልቅ ክልላዊ ፈተና አለ።

ሁለት ዓመት ትንሽ ትመስላለች። የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር አገር የሚደነግጥበት ነገር ግን ሥሩ እዚህና ከዚህ በታች ነው። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ 3.2 በመቶ። እነዚያ ልጆች በአንድ ዓመት ውስጥ አልወደቁም።

ታዲያ ለምን እዚህ ላይ ይብሳል?

ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ስለሚመጣ ነው።

ታች ክፍል እያለ አንድ መምህር ወይም መምህርት ልጁን በስሙ ያውቁታል። ማን ያነባል፣ ማን ከጎረቤቱ ይገለብጣል፣ ያውቁታል። 7ኛ ላይ በየክፍለ ጊዜው ሌላ መምህር ይገባል። አንዱ መምህር በቀን ብዙ ክፍል ስላለበት ከኋላ ወንበር ያለውን ልጅ ለማወቅ ወራት ይፈጅበታል።

ትምህርቱም ይለወጣል። ታች ክፍል እያለ በአብዛኛው ቁጥር ቁጥር ነበር። አሁን ኤክስ የሚባል ፊደል ገብቶ "ዋጋውን ፈልግ" ይባላል። ሳይንሱ በዓይን ከሚታይ ነገር ወደማይታይ ነገር ይሻገራል፤ አተም፣ ሴል፣ ጉልበት። እንግሊዝኛውም በአንድ ጊዜ ይከብዳል። የማስተማሪያ ቋንቋው እንደየክልሉና እንደየዘመኑ ቢለያይም፣ 9ኛ ክፍል ሲደርስ ሁሉም በእንግሊዝኛ እንደሚሆን እርግጥ ነው። 7ኛ እና 8ኛ የመሸጋገሪያ ድልድይ ናቸው።

ደግሞ ልጁ ራሱ እየተለወጠ ነው። ድምፁ ይጎረንናል፤ ቁመቱ ይመዘዛል። ከእናቱ ቃል ይልቅ የጓደኛው አስተያየት ያሳስበዋል። በ8 ዓመቱ "አልገባኝም" ለማለት የማያፍር ልጅ በ13 ዓመቱ ሞቱን ይመርጣል። ይህ ነገር ተንቆ የሚታለፍ አይደለም፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የዘንድሮው 7ኛ ክፍል ምን አሳልፎ ነው የመጣው?

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንቁጠር። ዘንድሮ፣ በ2018፣ 7ኛ ክፍል ያለ ልጅ ክፍል ሳይደግም ከመጣ 1ኛ ክፍል የገባው መስከረም 2012 ነው። መጋቢት 2012 ኮሮና ገባና ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ያ ልጅ ፊደል ከፊደል አጋጥሞ ማንበብ ሊጀምር ሲል ቤቱ ተቀመጠ። ፈተና ሳይቀመጥም ወደ 2ኛ ተዛወረ።

2ኛ ክፍልን ጨርሶ 3ኛ ሊገባ ሲል ጦርነቱ መጣ። ወልድያ ከነሐሴ 2013 ጀምሮ ለወራት በጦርነት ውስጥ ነበረች። በጥቅምት 2014 ደሴና ኮምቦልቻም ተራው ደረሳቸው። ሰው ፍራሽ ተሸክሞ ወጣ። ሲመለስ ብዙ ትምህርት ቤት ወንበሩ የለም፤ መጽሐፉ የለም፤ ሰነዱ ተቃጥሏል። ቆቦ ደግሞ በ2014 ክረምት መጨረሻ እንደገና ተፈናቀለች። ከነሐሴ 2015 ወዲህ በክልሉ በተነሳው ግጭት ሳቢያ ስንት ትምህርት ቤት ስንት ቀን እንደተዘጋ የወሎ ወላጅ ከእኔ በላይ ያውቀዋል።

1ኛ፣ 2ኛ እና 3ኛ ክፍል ማንበብና መቁጠር የሚያዝባቸው ዓመታት ናቸው። ይህ ልጅ የሳታቸው እነዚህኑ ነው። ከዚያ በኋላ ግን በየዓመቱ "አለፈ" ተባለ። በካርዱ 7ኛ ደርሷል። የሚያውቀው ነገር የቆመው ግን የሆነ ቦታ ላይ ነው።

ችግሩ ከጦርነቱ በፊትም ነበር። የዓለም ባንክ ባወጣው ስሌት በኢትዮጵያ 10 ዓመት ከደረሱ ልጆች 90 በመቶ ያህሉ ቀለል ያለ ጽሑፍ አንብበው መረዳት አይችሉም። እንግዲህ በዚያ ላይ ነው ይህ ሁሉ የተደረበው።

ሰንፎ ነው ወይስ አልገባውም?

ከሁሉ የሚብሰው የተሳሳተ ግምት ይህ ነው። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። የቤት ሥራ አይሠራም። ክፍል ይፎርፋል። ደብተሩ ንጹሕ ነው ወይም በሚያምር ጽሕፈት ከጓደኛው የተገለበጠ ነው። ሲጠየቅ ይስቃል ወይም ይቆጣል።

በልጁ ቦታ ሆነን እንየው። ልጅ ሁለት ስም ይፈራል፤ ሰነፍ እና ደደብ። ከሁለቱ ሰነፍ መባል ይሻላል። "ብሠራ እችል ነበር፤ አልሠራሁም" ማለት ክብርን ያተርፋል። ሞክሮ መውደቅ ግን ክብርን ይወስዳል። ስለዚህ አይሞክርም። ስንፍና ብለን የምንጠራው ነገር ብዙ ጊዜ ኀፍረት ነው።

መለያው ቀላል ነው። ሁለት ክፍል ዝቅ ያለ ጥያቄ ስጡት። ዓይኑ በርቶ ከሠራው ሰነፍ አልነበረም፤ የተሰጠው ነገር ከአቅሙ በላይ ሆኖበት ነው።

ክፍተቱን ቤት ውስጥ እንዴት ላግኘው?

ፈተና አይባል። "እስቲ አንድ ነገር ልይ" ይበቃል። ወንድምና እህት በማይሰሙበት ቦታ ይሁን። እየተሳሳተ ሳለ አትቁረጡት፤ አታርሙት። የምትፈልጉት ስህተቱ ያለበትን ቦታ ነው፤ ስለዚህ "እንዴት አገኘኸው?" ብላችሁ ብቻ ጠይቁ። የእህቴ ልጅ ባያስረዳኝ ኖሮ በግዴለሽነት የተሳሳተ ይመስለኝ ነበር። እሱ ግን የራሱ ሕግ አለው፤ ላይ ከላይ፣ ታች ከታች። ሕጉን በትክክል ነው የፈጸመው። የተሳሳተው ሕጉ ነው።

መጀመሪያ አማርኛ አስነብቡት። የሒሳብ ችግር ቢሆንም ከንባብ ጀምሩ። የ4ኛ ክፍል አማርኛ መጽሐፍ ከጎረቤት ተዋሱ። አንድ አንቀጽ ጮክ ብሎ ያንብብ። ከዚያ መጽሐፉን ዘግታችሁ "ምን ይላል?" በሉት። ሳይንተባተብ አንብቦ በራሱ አነጋገር ከነገራችሁ፣ ንባቡ ደህና ነው። ፊደል በፊደል እየለቀመ ከሆነ ወይም ሁሉንም አንብቦ ምንም መናገር ካልቻለ፣ የመጀመሪያውን ቀዳዳ አገኛችሁ።

ለምን ይህን ያህል ዋጋ አለው? የሰው አእምሮ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ጥቂት ነገር ነው። ሁለት እጁ የተያዘ ሰው በር መክፈት አይችልም። ልጁ ሁለቱንም እጁን ፊደል ለመለየት ከተጠቀመባቸው፣ ትርጉሙን የሚይዝበት እጅ አልቀረለትም። ሒሳብም እንደዚሁ ነው። 7 ጊዜ 8 ስንት ነው ሲባል በጣቱ የሚቆጥር ልጅ፣ ቆጥሮ እስኪጨርስ የጥያቄው መነሻ ይጠፋበታል። ጥያቄው ከብዶት አይደለም። እጁ ተይዞ ነው።

ስለዚህ በሒሳቡ ከመደመርና መቀነስ ጀምራችሁ ወደ ላይ ውጡ። የማባዛት ሰንጠረዥ፣ ማካፈል፣ ከዚያ ክፍልፋይ። የመጀመሪያው መሰናክል ጋ ስትደርሱ ቁሙ። ከዚያ በላይ ያለውን መጠየቅ ልጁን ማድከም ነው።

በተለይ ክፍልፋይና ማካፈል ላይ ዓይናችሁን ጣሉ። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በእንግሊዝና በአሜሪካ ብዙ ልጆችን ለዓመታት ተከታትሎ ነበር። ከ10 እስከ 12 ዓመት ሳሉ እነዚህ ሁለቱ የገቧቸው ልጆች በጉርምስናቸው በአልጀብራና በጠቅላላ ሒሳብ የተሻሉ ሆነው ተገኙ። የቤተሰብ ገቢም ሆነ የልጁ አጠቃላይ የአእምሮ ችሎታ ግምት ውስጥ ገብቶ ውጤቱ አልተለወጠም። ክፍልፋይ የበሩ ማጠፊያ ናት ማለት ነው። እሷ ከተነቀለች በሩ አይከፈትም።

ካገኘሁት በኋላስ?

ውረዱ። ቀዳዳው ያለበት ድረስ ውረዱና ከዚያ ጀምሩ።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ "እንዴት 7ኛ ክፍል ደርሶ የ3ኛ ክፍል ይማራል?" ይለኛል። ወሎ ውስጥ ግን ይህ አዲስ ነገር መሆን የለበትም። የኔታ ዘንድ ፊደል ያልለየ ልጅ አቡጊዳ አይገባም። አቡጊዳን ያልጨረሰ ዳዊት አይደግምም። ዕድሜ አይጠየቅም። የ15 ዓመት ጎረምሳ ከ7 ዓመት ልጅ ጎን ተቀምጦ ፊደል ይቆጥራል፤ ማንም አይስቅም። ቀድሞ ያወቀው ኋላ የመጣውን ያስቀጽላል። በመድረሳም እንዲሁ ነው። ልጁ ሉሁ (የእንጨት ሰሌዳው) ላይ የተጻፈለትን ሳይዝ ሉሁ ታጥቦ ሌላ አይጻፍለትም። ነባሩ ደረሳ አዲሱን ያስጠናል። ለዘመናት የኖርንበት አሠራር ነው፤ ልጁ ያለበት ቦታ ላይ ሄደህ አግኘው የሚል።

ይህን ነገር በህንድ ፕራታም የሚባል ድርጅት በዘመናዊ ትምህርት ቤት ሞክሮታል። አሠራሩ ግልጽ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ለጥቂት ደቂቃ ይፈተሻል፤ ፊደል ይለያል፣ ቃል ያነባል፣ አንቀጽ ያነባል ወይስ ታሪክ ያነባል። ከዚያ በቀን ለተወሰነ ሰዓት ልጆቹ በክፍላቸው ሳይሆን ባሉበት ደረጃ ይመደባሉ። የ5ኛ ክፍሉም የ3ኛ ክፍሉም ፊደል ላይ ከሆኑ አብረው ይቀመጣሉ። ሥራውን ደጋግመው ከገመገሙት ተመራማሪዎች መካከል በ2019 እ.ኤ.አ. ከማይክል ክሬመር ጋር የኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለሙት አብሂጂት ባነርጂ እና ኤስተር ዱፍሎ ይገኙበታል። ልጆቹ በወራት ውስጥ ብዙ መንገድ ሄደው ተገኝተዋል።

ቤት ውስጥ ሲሆን በቀን 25 ወይም 30 ደቂቃ ይበቃል፤ ግን በየቀኑ። ቅዳሜ ላይ ተቆልሎ 4 ሰዓት ማስጠናት ልጁንም እናንተንም ይገድላል። ከእህቴ ልጅ ጋር የጀመርነው ወረቀት በማጠፍ ነው። አንድ ወረቀት ለሁለት አጠፍን፤ ግማሽ። እንደገና አጠፍን፤ ሩብ። እንደገና፤ ስምንት ቁራጭ ሆነ። ሲዘረጋው ሦስት ሩብ የሚሸፍነው ስድስት ስምንተኛ መሆኑን በጣቱ ቆጠረው። አንዷን ቁራጭ ጨመረ። "ሰባት ስምንተኛ" አለ በዝግታ። ከዚያ 4/12 ብሎ የጻፈባትን ገጽ ገልጦ ራሱ ሰረዛት። ሕጉን እኔ አልነገርኩትም።

አንድ ነገር አደራ። የታች ክፍል መጽሐፍ ስትሰጡት ሽፋኑ እንዳይታይ በጋዜጣ ሸፍኑለት። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ለ13 ዓመት ልጅ ግን ትልቅ ነገር ናት።

ማጥናት ማለት ደጋግሞ ማንበብ ነው?

አይደለም። አብዛኛው ልጅ ግን ጥናት ማለት ይህ ይመስለዋል፤ ደብተር ገልጦ አሥር ጊዜ ማየት። ሲያየው ያውቀዋል። ደብተሩ ሲዘጋ ይጠፋል። ፊቱን የምታውቀው ግን ስሙ የጠፋብህ ሰው መንገድ ላይ ሲያጋጥም እንደሚሆነው ማለት ነው።

በ2006 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ተማሪዎች ላይ የተደረገ ሙከራ ይህን በቁጥር አሳይቷል። ተማሪዎቹ አንዱን ጽሑፍ ደግመው አነበቡ። ሌላውን ጽሑፍ ግን ደግመው ከማንበብ ይልቅ ወረቀቱን አስቀምጠው ያስታወሱትን ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደግመው ያነበቡትን አብልጠው አስታወሱ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ደግመው ካነበቡት 42 በመቶ፣ ከራሳቸው አውጥተው ከጻፉት 56 በመቶ አስታወሱ። ፈተና ደግሞ ከ5 ደቂቃ በኋላ አይመጣም።

ስለዚህ ደብተሩ ይዘጋ። ልጁ ያስታወሰውን በባዶ ወረቀት ይጻፍ። ከዚያ ከፍቶ የጎደለውን ይሙላ። ያንኑ ከሁለት ቀን በኋላ፣ ከዚያ ከሳምንት በኋላ ይድገመው። ሽምደዳ የሚባለው በአንድ ሌሊት ተጭኖ በማግስቱ የሚፈስ ነው። ይህ ግን ይቀመጣል።

እንግሊዝኛውስ?

ሐሳቡን መጀመሪያ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይያዝ። ክፍልፋይ ምን እንደሆነ በአማርኛ የገባው ልጅ "ዲኖሚኔተር" ማለት የታችኛው ቁጥር እንደሆነ ለመያዝ አንድ ቀን ይበቃዋል። ሐሳቡ ያልገባው ግን ቃሉን መቶ ጊዜ ቢጽፈው ድምፅ ብቻ ነው። ከሚሴ አካባቢ ላሉና ታች ክፍልን በአፋን ኦሮሞ ለተማሩ ልጆችም ነገሩ ያው ነው፤ በኦሮምኛ ይጀመር።

ለእያንዳንዱ ትምህርት አንድ ትንሽ የቃላት ደብተር ይኑረው። በቀን አምስት ቃል፤ በአንድ በኩል እንግሊዝኛው፣ በሌላው በኩል ትርጉሙና ትንሽ ሥዕል። ብዙ ጊዜ ልጁ ፈተና ላይ የሚወድቀው ሒሳቡን ሳይሆን የጥያቄውን ትእዛዝ ባለማወቅ ነው። "አወዳድር"፣ "ግለጽ"፣ "አስላ" የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት ከሁሉ ያስቀድም።

አስጠኚ ልቅጠር? ወይስ ክፍሉን ይድገም?

አስጠኚ ጥሩ ነው፤ የሚሠራው ሥራ ከታወቀ። ብዙ ወላጅ ገንዘብ ከፍሎ የሚያገኘው የነገውን የቤት ሥራ የሚሠራ ሰው ነው። የቤት ሥራው ያልቃል፤ ቀዳዳው ይቀራል። ቅዳሜና እሑድ የሚሰጥ የማጠናከሪያ ትምህርትም የዚያኑ የ7ኛ ክፍል ምዕራፍ የሚደግም ከሆነ እንዲሁ ነው። ሊጡ ሳይቦካ የተጋገረ እንጀራ ዓይን አያወጣም። እሳት ብትጨምርበት ያርራል እንጂ አይቦካም። ስለዚህ አስጠኚውን "የት ላይ ነው የሚደናቀፈው?" ብላችሁ ጠይቁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ መልስ ከሌለው ሌላ ፈልጉ። ሠፈር ያለ ጎበዝ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ብዙ ጊዜ ከውድ አስጠኚ ይሻላል፤ ገና ትናንት ስለተማረው የሚከብደው የት ላይ እንደሆነ ያስታውሰዋል።

ክፍል መድገምስ? ብቻውን መድኃኒት አይደለም። ያልገባው ትምህርት በዚያው መንገድ ዳግመኛ ይሰጠዋል፤ ጓደኞቹም ጥለውት ይሄዳሉ። ቀዳዳውን የሚደፍን ሥራ አብሮት ካለ ሊረዳ ይችላል። ከሌለ ግን ከትምህርት ቤት የመውጫው መንገድ ይሆናል። ይህን በተለይ ለሴት ልጆች ወላጆች እላለሁ። 8ኛ ክፍል ላይ የደገመች ልጅ "ትዳር ይሻላታል" መባሉ ቅርብ ነው።

መምህሩንም አነጋግሩ፤ ግን "ልጄ እንዴት ነው?" ብላችሁ አይደለም። መልሱ "ይበርታ" ይሆናል። "ክፍልፋይ ላይ እንደሚቸገር አይተናል፤ ቤት እየሠራንበት ነው፤ ክፍል ውስጥ ምን አዩ?" በሉ። ይህን የሚል ወላጅ የሚያጋጥመው መምህር ጥቂት ነው። ልጁን በስሙ ማወቅ የሚጀምረው በዚያ ቀን ነው።

ከትምህርቱ ውጭ የሆነ ምክንያትስ?

አለ፤ እንዲያውም ከሁሉ ቀድሞ መታየት ያለበት እሱ ነው። ልጁ ሰሌዳው ይታየዋል? ዓይኑን እያጠበበ የሚያይ ወይም ከጎረቤት የሚገለብጥ ልጅ መነጽር ብቻ ሊሆን ይችላል የሚያስፈልገው። ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በዓይን ሕክምናው የታወቀ ነው። ቁርስ በልቶ ነው የሚሄደው? ከማለዳ ጀምሮ ውኃ ቀድቶ ወይም ከብት አሰማርቶ የሚመጣ ልጅ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ቢያንቀላፋ አይፈረድበትም። ሴት ልጅ በየወሩ ሦስት አራት ቀን የምትቀር ከሆነ ምክንያቱን እናት ወይም አክስት በለሆሳስ ትጠይቃት። ቀርታ የተመለሰችበት ቀን የተጀመረ ምዕራፍ፣ መጀመሪያው የጎደለ ምዕራፍ ነው።

ጦርነት ያየ ልጅ ደግሞ አለ። በር በኃይል ሲዘጋ የሚደነግጥ፣ ሌሊት የማይተኛ፣ ዝም ያለ። እሱን በሒሳብ አትጀምሩት። አብሽር በሉት፤ አጠገቡ ተቀመጡ።

እኔ ራሴ ካልተማርኩ ምን ልርዳው?

ይህን የጠየቀችኝ የእህቴ አማት ናት፤ የልጁ አያት። ከኩታበር ልጇን ልትጠይቅ መጥታ ነበር። ፊደል አልቆጠረችም።

መልሱ ቡናው ላይ ነው። ቡና ሲፈላ ልጁን አጠገባችሁ አስቀምጡትና "ዛሬ ምን ተማራችሁ? ለኔ አስረዳኝ" በሉት። ያልገባችሁን "አልገባኝም፤ ድገምልኝ" በሉ። ቀደም ብዬ የነገርኳችሁ፣ ከራስ አውጥቶ መናገር የሚባለው ይኸው ነው። የተማረ ወላጅ ይህን ሲያደርግ ቶሎ እያረመ ያበላሸዋል። ያልተማረች እናት ግን እውነቷን ነው የምትጠይቀው፤ ልጁም እውነቱን ነው የሚያስረዳው።

አያቱ ሰማችኝና ወደ ልጁ ዞረች። አቦሉ ወርዶ ቶናው እየተጠበቀ ነበር።

"በል እንግዲያ" አለችው። "እኩል ያረሰና ሲሶ ያረሰ፣ እኩሉ ሲሶውን በስንት ይበልጠዋል?"

እኔም ቶሎ አልመጣልኝም። ልጁ ግን ድፎውን ሳብ አደረገ። ቢላዋ ጠየቀ። ሲቆርጠው እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ስድስት ቦታ ከፈለው። ሦስቱን ወደ አንድ ጎን ገፋ። ሁለቱን ወደ ሌላ ጎን ገፋ። ጎን ለጎን አያቸው። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

ከሦስቱ አንዷን አንስቶ አያቱ መዳፍ ላይ አኖራት።

"በዚች ነው፣ እማማ። ከስድስት አንድ።"